የፊት ኪራይ

ተራ ሰው ቀን ይሠራል፣ ማታ ያርፋል። በቻይና የሚኖር የውጭ አገር መምህር ግን (አገሬው ዋይጂያው ይለዋል) የታደለ ስለሆነ ቀን አርፎ ማታ ይሠራል። ቀን ሙዝና ዝሆን የተሣለባቸውን ካርዶች ከፍ ዝቅ እያደረገ ከሕፃናት ጋር ሲዘፍን ይውላል። የሰዋስዉን ጣጣ፣ የፈተናውን እርማት፣ የወላጆቹን ስልክ ቻይናዊቷ ረዳት መምህርት ትወጣዋለች። የእሱ ዋና ሥራ የሚጀምረው ዳይሬክተሩ «ዛሬ እራት አብረን ነን» ያሉት ዕለት ነው።

እራቱ በምግብ ቤቱ የግል ክፍል፣ በትልቅ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው ወንበር የጋባዡ ነው፤ በቀኙ የሚቀመጠው የክብር እንግዳው። መምህራችን ከዩኒቨርሲቲ የወጣው አምና ቢሆን፣ የተማረውም የሆቴል አስተዳደር ቢሆን፣ ቦታው እዚያው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩት አዛውንት በሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ እሳቸውን ማን ፎቶ ሊያነሳ? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 የኮሚኒስት ፓርቲው ስምንት ነጥብ ያለው ደንብ አውጥቶ የባለሥልጣናቱን ድግስ ቆርጦ ነበር። የግል ትምህርት ቤት ግን ባለሥልጣን ስላልሆነ፣ ለወላጆች እንደ ልቡ ይደግሳል።

መስተዋቱ ጠረጴዛ ይዞራል። የዓሣው ጭንቅላት ወደ እንግዳው እንዲያይ ተደርጎ ይቀመጣል። ከዚያ ባይጂው ይመጣል፤ ከማሽላ የሚወጣ፣ ማኦታይ የሚባለው ዓይነቱ 53 ዲግሪ የሆነ፣ የእኛ ዳግም አረቄ ቢያየው በዘመድ ደንብ የሚሳለመው መጠጥ። «ጋንቤይ!» ከተባለ ጽዋው መድረቅ አለበት። ወጉ ደግሞ ብርጭቆን ከታላቅ ሰው ብርጭቆ ዝቅ አድርጎ ማጋጨት ነው። መምህራችን ይህን ማን ነግሮት፣ ብርጭቆውን እንደ ችቦ ሽቅብ ያነሳል። ወላጆቹ የእነሱን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እሱ ግራ ተጋብቶ የባሰ ከፍ ያደርጋል፤ እነሱ ጠረጴዛው እስኪነካ ይወርዳሉ። ሁሉም ይስቃል። «እንዴት ያለ ተጫዋች ነው!» ይባላል። በዚያ ምሽት ስለ ማስተማር የሚነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «ቾፕስቲክ መያዝ ትችላለህ?» የሚለው ነው።

ይህን ሁሉ የምታስተረጉመው ያቺው ረዳት መምህርት ናት። ሻይ ትቀዳለች፣ ቀልድ ታስተረጉማለች፣ የማይተረጎመውን በራሷ ቀልድ ትተካለች። ደመወዟ ከእሱ በብዙ ያንሳል፤ ታዲያስ? እንግሊዝኛ ከመቻል በቀር ምን ሙያ አላት?

ሕጉን አንማ። የቻይና የሥራ ፈቃድ ደንብ ለእንግሊዝኛ መምህር የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ልምድ ወይም የማስተማር ሰርተፊኬት ይጠይቃል፤ ዜግነቱም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ከሆነበት አገር እንዲሆን ይፈልጋል። ስለ ቆዳ አንድም ቃል የለበትም። ይህን ጉድለት ቀጣሪዎቹ በበጎ ፈቃድ ሞልተውታል፤ ከዲግሪው በፊት ፎቶ ይጠይቃሉ። በቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ማስተርሱን ሠርቶ ቻይንኛን እንደ ውሃ የሚጠጣው የአዲስ አበባ ልጅ ፎቶውን ይልካል፤ የዊቻት መልእክቱ ይነበባል፤ ዝም። «ፓስፖርቱ ነዋ!» ይሉናል። እሺ፤ ደቡብ አፍሪካ እኮ ከተፈቀዱት አገሮች አንዷ ናት። ታዲያ ጥቁሩ ደቡብ አፍሪካዊ ፎቶውን ሲልክ ያ ዝምታ ምነው ተደገመ? እንግሊዝኛው የሚሰናከል፣ ጸጉሩ ግን ወርቅ የሆነ የምሥራቅ አውሮፓ ልጅ በበኩሉ በአንድ ሌሊት ካሊፎርኒያ ተወልዶ ያድራል።

(እኛ እንኳ ብዙ ባንስቅ ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት አጥር ላይ የተሣሉትን ባለ ሰማያዊ ዓይን ልጆች የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆኑ የሚያውቅ ካለ ይንገረን።)

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መንግሥት «ድርብ ቅነሳ» ባለው መመሪያ ለትርፍ የሚሠራውን የማጠናከሪያ ትምህርት ሲመታው፣ ብዙ የቋንቋ ማእከላት ተዘጉ። ያኔ የፊት ገበያው አብሮ የሚወድቅ መስሎን ነበር። ምን በወጣው! የምሽት ክለቦቹ አሉ።

ከእራቱ የተረፈው መምህራችን ወደዚያ ይሄዳል። ለክለቡ ፈረንጅ የሚሰበስበው አገናኝ በር ላይ ይቀበለዋል፤ መግቢያ አይከፍል፣ መጠጥ አይከፍል። አንድ ሀብታም ወጣት ለአንድ ጠረጴዛ ብዙ ሺህ ዩዋን ሲያፈስ፣ አጠገቡ ያለው ጠረጴዛ በፈረንጅ ተሞልቶ ቤቱ ዓለም አቀፍ እንዲመስልለት ያስፈልጋል። ጆግ ሙሉ ውስኪ በአረንጓዴ ሻይ ተበርዞ ይቀርባል። እዚያ የተሰበሰቡት የሥራ ባልደረቦቹ ነጻውን መጠጥ ጨብጠው ስለ ቻይናውያን ያማርራሉ፦ ሰልፍ አያውቁም፣ ጮክ ብለው ያወራሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውን በመልኩ ይመዝናሉ። ይህን የመጨረሻውን የሚናገረው ሰውዬ ብርጭቆውን እያስሞላ ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ይኸው ሰውዬ፣ እዚያ ከተማ ዓመታት ኖሮም የቤቱን አድራሻ ለታክሲው ሾፌር መናገር ስለማይችል፣ ስልኩን አውጥቶ ጽሑፉን ያሳያል።

እኔ ለሁሉም የሚበጅ ሐሳብ አለኝ። ትምህርት ቤቶቹ ውል ይለዩ። የቀኑን ውል ለረዳት መምህርቷ፣ ለአዲስ አበባው ልጅና ለደቡብ አፍሪካዊው ይስጧቸው፤ ፎቶ ሳይጠየቁ ገብተው ያስተምሩ። ፈረንጁ ደግሞ ለማታው ብቻ ይቀጠር፦ ከዳይሬክተሩ በቀኝ ተቀምጦ ይብላ፣ ብርጭቆ ያንሳ፣ ፎቶ ይነሳ፣ በሰዓት ይከፈለው። ለክለቡም በትርፍ ሰዓቱ ያከራዩት፤ ገቢው ለካርዶቹ ማሳተሚያ ይውላል። ማመልከቻው ቀላል ነው፤ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ አንዱ በፈገግታ። እንግሊዝኛ መቻል ግዴታ አይሆንም፤ እስከ ዛሬስ ማን ጠይቆት?