ያንዱ ሰው ካርድ

የቤዝቦል ካርድ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል በ9 የሚሆን ጠንከር ያለ ወረቀት ነው። ከፊቱ የተጫዋቹ ፎቶ አለ፤ ከጀርባው ዓመት በዓመት ስንት እንደመታ የሚቆጥር ሰንጠረዥ ይታተምበታል። አሜሪካ ውስጥ አንዳንዱ ሰብሳቢ ያንድ ዓመት እትም አሟልቶ፣ አልበሙን ዘግቶ ያርፋል። አንድ ተጫዋች ወድዶ የእሱን ብቻ የሚሰበስበው ግን ዕረፍት የለውም።

ካርዱ ድሮ የሲጋራ ምርቃት ነበር። በ1909 (በፈረንጆቹ) የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ በየፓኮው የተጫዋች ሥዕል መክተት ሲጀምር፣ የፒትስበርጉ ሆነስ ዋግነር የእሱ እንዲቀር አደረገ። ልጆችን ከትምባሆ ሊያርቅ ነው የሚሉ አሉ፤ ክፍያው አንሶት ነው የሚሉም አልጠፉም። አምልጠው የወጡት ጥቂት ደርዘን ሲሆኑ አንዱ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ስለዚህ ዋግነርን መውደድ ለደመወዝተኛ አይመከርም።

ለደመወዝተኛ የሚሆነው ኬን ግሪፊ ጁኒየር ነው። በ1989 ገና በ19 ዓመቱ ለሲያትል መጫወት ሲጀምር፣ አፐር ዴክ የተባለው አዲስ ኩባንያ የመጀመሪያ እትሙን 1 ቁጥር ለእሱ ሰጠ። ፎቶው የተነሳው በታችኛው ሊግ ክለቡ ኮፍያ ስለነበር ኮፍያው ቀለም ተቀብቶ የሲያትል ሆነ፤ ፈገግታው ብቻ አልተነካም። ካርዱ እንደ ጉድ ስለታተመ ብርቅ አይደለም። ቢሆንም ስድስት ያለው ሰብሳቢ ሰባተኛውን ሲያይ እጁ ኪሱ ይገባል፤ የዚህኛው ማዕዘን ይሻላላ!

ማዕዘን ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ሰብሳቢው የምግብ ጠረጴዛውን ጠርጎ፣ እጁን ታጥቦ አድርቆ፣ ካርዱን በጠርዙ ብቻ ይዞ መብራት ሥር ያዘነብለዋል። ትንፋሹን ይውጣል። በአጉሊ መነጽር አራቱን ጫፎች ተራ በተራ ያያል፤ በዚያች ደቂቃ ብርቱካን እየላጠ የሚጠጋ ልጅ ወየውለት። ጫፎቹ ካልተላጉ ካርዱ ወደ መዛኞች በፖስታ ይሄዳል፤ እነሱም ከ1 እስከ 10 ማርክ ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጉታል። 9 ያገኘ ካርድ ባለቤት ፊት፣ ልጁ ከክፍሉ ሁለተኛ የወጣበትን አባት ፊት ይመስላል።

ፍቅሩም ወደ ዘመድ ይዛመታል። የግሪፊ አባትም ተጫዋች ነበሩ፤ በ1990 አባትና ልጅ ለአንድ ክለብ አብረው ስለተሰለፉ፣ ሁለቱ አብረው የወጡበት ካርድም ይገዛል። ልጁ በ2000 ሲንሲናቲ ሲገባ የቀይ መለዮው ካርድ ተጨመረ፤ በ2008 ለጥቂት ወራት ቺካጎ ቢውል እሱም አልቀረም።

ሰብሳቢውን ዕዳ ውስጥ የከተተው ግን የ1990ዎቹ ብልሃት ነው። ኩባንያዎቹ ያንኑ ፎቶ በብር፣ በወርቅ፣ በሰማያዊ ያትሙት ጀመር፤ አንዱ 50 ብቻ፣ ሌላው አንድ ብቻ ተብሎ ቁጥር ይጻፍበታል። ቀጥሎ ካርዱ የታተመባቸው አራት ፕሌቶችም እየተቆራረጡ ተሸጡ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ተጥሎ የነበረ ብረት መሆኑ ነው።

ሰው ለስም ምን ያህል እንደሚከፍል ማየት የሚፈልግ የተጫዋቹን የኦሬሊዮ ሮድሪጌዝን የ1969 ካርድ ይይ፤ ያተመው ቶፕስ የተባለው ኩባንያ ነው። ፎቶው የሮድሪጌዝ አይደለም፤ የክለቡ ዱላ አቀባይ ልጅ ነው። የሮድሪጌዝ ሰብሳቢ ይህን ያውቃል፤ ገዝቶም ከሌሎቹ ጋር ያስቀምጠዋል።

ግሪፊ በ2010 መጫወት አቆመ፤ በ2016 የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ገባ። ካርዱ ግን ዛሬም በየዓመቱ ይታተማል።