ሰይጣን ያፈረሰው ትዳር

የሸረሪት ሰው (ስፓይደርማን) የሚባለው ፒተር ፓርከርና ሜሪ ጄን እ.ኤ.አ. በ1987 ተጋብተው ሃያ ዓመት ያህል በትዳር የኖሩ ሰዎች ናቸው። በመሃል ስንቱ ጭምብለኛ፣ ስንቱ ባለ ጅራት ጠላት መጣባቸው፤ አልተለያዩም። ያለያያቸው የኮሚክ መጽሐፋቸው አሳታሚ የማርቭል አርታኢ ነው። የሸረሪት ሰው ሚስት ካለው ያረጃል ተባለና በ2007 «ዋን ሞር ዴይ» የተባለ ታሪክ ታተመ። የፒተር አክስት ሜይ በጥይት ተመትተው ሊሞቱ ሲሉ ሜፊስቶ የሚሉት ሰይጣን ብቅ ብሎ፣ ትዳራችሁን ከሰጣችሁኝ አድናታለሁ ይላል። ሰይጣን ነፍስ ሲጠይቅ እንጂ የጋብቻ ውል ሲጠይቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ባልና ሚስቱም እሺ አሉ። ሽማግሌ አልተቀመጠ፣ ዳኛ አልተጠራ፤ ተጋብተው እንደነበር እንኳ የሚያስታውስ ጠፋ። ደራሲው ስትራዚንስኪ ራሱ ከመጨረሻዎቹ እትሞች ላይ ስሜ ይነሣ እስከማለት ደርሶ ነበር።

አክስት ሜይን አልጠላም። ግን እኚህ ሴትዮ በ1995 ሞተው፣ እኛም አልቅሰን፣ ኋላ የሞተችው እሳቸውን መስላ የገባች ተዋናይ ናት ተብለው የተመለሱ ናቸው። ለእሳቸው ሞት የአንድ ጊዜ ነገር አይደለም።

እንዲህ ያለ ግፍ ሲፈጸም አንባቢ አቤት የሚልበት ችሎት የለውም። ስለዚህ ራሱ ይጽፋል። ፋን ፊክሽን ማለት ይኸው ነው፤ ማንም ሳይቀጥረው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ሌላው ያበላሸውን ሌሊት ቁጭ ብሎ ማቃናት። እኔ በጻፍኩት ላይ አክስት ሜይ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ፤ ሚስትህን ይዘህ ቤትህ ግባ!» ይላሉ። ሰይጣኑንም ጫማህን አውልቀህ ግባ ብለው ያሳፍሩታል። ጓደኞቼ ሥነ ጽሑፋዊ ብቃት ይጎድለዋል ብለውኛል። ትዳሩ ግን ተርፏል።

የአድናቂ ድርሰት ሁሉ ማር ነው አልልም። ስንቱ ጀግናውን ከሰማይ አውርዶ ካፌ ውስጥ ቡና ቀጂ ያደርገዋል፤ ያውም በወረቀት ኩባያ፣ ያለ ቶናና ያለ በረካ። አንባቢም ሁልጊዜ ርኅሩኅ አይደለም። በ1988 ሌላው የኮሚክ አሳታሚ ዲሲ የባትማን ረዳት ጄሰን ቶድ ይሙት ወይስ ይኑር ብሎ በስልክ ሲያስመርጥ፣ በጥሪ 50 ሳንቲም እየተከፈለ፣ 5,343 ለ5,271 ሞት አሸነፈ። በ72 ድምፅ ብላቴና ገደሉ! እሱንም ቢሆን በ2005 መልሰው አመጡት። እኔ የታዘብኩት ግን አንድ ነገር ነው፦ ገንዘብ ከፍሎ የመረጠው ልጁን ሲገድል፣ በነጻ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ የሚያድን ነው።

በ2024 ማርቭል «አልቲሜት ስፓይደርማን» ብሎ ሌላ ዓለም ፈጠረና እዚያ ፒተርን ከሜሪ ጄን ጋር አጋብቶ የሁለት ልጆች አባት አደረገው። አንባቢ ተሻማበት። ይህ ደመወዝ የሚከፈልበት ፋን ፊክሽን ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው?