ዓሣ አጥማጅን ከሩቅ የመውደድ ጥበብ

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ እንደታጠፈ ክንድ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የተዘረጋው ኬፕ ኮድ ባሕረ ገብ መሬት፣ ማለትም ሦስት ወገኑ በውኃ ተከብቦ በአንድ ወገን ብቻ ከየብስ ጋር የተያያዘ ምድር፣ የበጋ ዕረፍትን ማቀድ ወደ ሊቅነት ማዕረግ ከፍ ያለበት ስፍራ ነው። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተው የመርከብ ቦይ ከየብሱ ስለቆረጠው ዛሬ ደሴት ቢባል ያስኬዳል፤ ነገር ግን ዕቅድ አውጪን የሚያህል ሰው በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ማስቸገር ነውር ነው።

ቤቶቹ በአብዛኛው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሚከራዩ፣ ሊቃውንቱ በጥር ብርድ ተነሥተው የሐምሌን ሳምንት ይሻማሉ፤ የሁሉም መሻት ደግሞ አንድ ነው፤ እርሱም «እውነተኛ የዓሣ አጥማጆች መንደር» ነው። እውነተኛነቱ መስፈርት አለው፦ ጀልባው ይታይ፣ ሞተሩ ግን ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ አይሰማ፤ መረቡ በአጥሩ ላይ ይሰቀል፣ ግን አይሽተት፤ አጥማጁም ፊቱን ፀሐይና ጨው ያጠቆረው ሆኖ ለፎቶግራፍ በሚመች ሰዓት ብቅ ይበል፣ ማደሪያው ግን ራቅ ይበል። ይህ የመጨረሻው ምኞት እጅግ ሠምሯል፤ ከባሕረ ገብ መሬቱ ቤቶች ሲሶ ያህሉ ባለቤቶቻቸው ለወቅቱ ብቻ የሚከፍቷቸው በመሆናቸውና ዋጋቸውም ከመረብ በሚገኝ ገቢ የማይቀመስ በመሆኑ፣ አጥማጁ በገዛ ወደቡ አቅራቢያ ጎጆ ማግኘት ከዓሣው ይልቅ ከብዶታል።

የዕቅዱ ገናና ምዕራፍ ግን ራት ነው። ኮድ ሥጋው ነጭ የሆነ የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው መርከበኛ ባርቶሎሚው ጎስኖልድ እ.ኤ.አ. በ1602 በብዛቱ ተደንቆ ምድሩን በዓሣው ስም ጠርቶታል፤ በቦስተን በሚገኘው የግዛቲቱ ምክር ቤት አዳራሽም ከእንጨት የተቀረጸ ምስሉ ተሰቅሎለታል፤ ይህኛው ዛሬ ከሕያዋን ወንድሞቹ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ልክ ያለፈ ማጥመድ ሀብቱን ስላራቆተ፣ ከባሕረ ገብ መሬቱ በስተምሥራቅ ጆርጅስ ባንክ በሚባለው፣ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነው የባሕር ክፍል፣ ሰፋፊ ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ ቢዘጉም ኮዱ እንደቀድሞው አላገገመም። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው መስኮቱን ወደ ባሕር አስከፍቶ «የአገሩን ዓሣ» ሲያዝ፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ከአይስላንድ ወይም ከኖርዌይ የመጣ ነው፤ ከእርሱ የበለጠ መንገድ የተጓዘ እንግዳ!

በዚሁ ባሕረ ገብ መሬት ባለችው የቻታም ከተማ የዓሣ ማራገፊያ፣ ለጎብኚዎች ተብሎ ከተሠራው ሰገነት ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ ከጀልባዎቹ የሚወርደው በብዛት ዶግፊሽ የሚባለው አነስተኛ ሻርክና ስኬት የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ከዶግፊሹ አብዛኛው በበረዶ ታሽጎ ወደ አውሮፓ ይላካል፤ እንግሊዛዊው ከተጠበሰ ድንች ጋር ያጣጥመዋል፣ ጀርመናዊው የሆዱን ሥጋ በጭስ አድርቆ ይመገበዋል። ወጪውና ገቢው ዓሣ በውቅያኖሱ መካከል ሲተላለፉ ሰላምታ ቢለዋወጡ አያስደንቅም። ዕቅድ አውጪውም ከሰገነቱ ፎቶግራፉን አንሥቶ ይወርዳል እንጂ ያንን ዓሣ በሳሕን አቅርቡልኝ አይልም፤ የአገሩን ጣዕም ሊቀምስ እንጂ አገሩ የሚያጠምደውን ሊበላ አልመጣምና። ምግብ ቤቶቹም ጠባዩን ቀድመው ስለተረዱ፣ ዶግፊሽን በምግብ ዝርዝራቸው ላይ እምብዛም አያሰፍሩም።