ጫጩቷ ትሄዳለች፣ ዕቃው ይቀራል

የአንድ ቀን ጫጩት ብትመዝን 40 ግራም ገደማ ናት። መዳፍ ላይ ስትቀመጥ መኖሯ የሚታወቀው በጩኸቷ ነው። ይህችን የምታህል ፍጡር ያንን ሁሉ ኮተት አስከትላ ግቢ ትገባለች ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው? ሰው ዶሮ ላርባ ብሎ ሲነሳ እንቁላል ያልማል፣ የበዓል ወጥ ያልማል፣ ገፋ ካለም ሽያጭ ያልማል። የሚረባለት ግን ዕቃው ነው። ዶሮ ይታረዳል፣ ይሸጣል፣ ይታመማል፣ ጭልፊት ይወስደዋል። መኖ መመገቢያ ነጥቆ የበረረ ጭልፊት ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከአርባ ምንጭ ከታወጀ ወዲህ በየግቢው ጫጩት መጮሁ አዲስ ነገር አይደለም። የእኛ ቤት ግን በአዋጅ ሳይሆን በጎረቤት ነው የተማረከው። አጥራችንን የሚጋሩት ሻምበል ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያዝዙት ሠራዊት ዶሮ ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ለባለቤቴ የሚሰጧት መግለጫ ቀስ በቀስ ወደ ትእዛዝ ተለወጠ።

«ልጄ፣ ጫጩት የሚገዛው የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ታይቶ ነው» አሏት። «በመስከረም የገዛሻት በየካቲት መጣል ትጀምራለች። በየካቲት ምን ይገባል?»

«ሁዳዴ።»

«ተመልከቺ እንግዲህ! ዶሮሽ ትጥላለች፣ አገሩ 55 ቀን ይጾማል። ዶሮን ደግሞ ጹሚ ብትያት አትሰማሽም። በሐምሌ ግዢ። አምስት ወር ቁጠሪ፤ ታኅሣሥ ላይ ነሽ። የነቢያት ጾም ሊፈታ ነው፣ ገና ደርሷል፣ ከገና እስከ ሁዳዴ ያለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያንቺ ነው።»

ስሌቱ ለገበያ እንከን የለውም። ለጫጩት ግን የኮተቤ ሐምሌ ምን እንደሆነ ኮተቤ የከረመ ያውቀዋል፤ ትልቁ ሰው እንኳ በሁለት ካልሲ የሚያድርበት ወር ነው። በዚህ ወር ልባም ሰው የሚገዛው 45 ቀን የሞላትን፣ ላባ ያወጣችውን ነው። ባለቤቴ ዋጋውን ጠይቃ ተመለሰችና «ላባውን እኛው እናወጣላቸዋለን» አለች።

ጫጩት ሲባል ቢሾፍቱ ነው። የእርሻ ምርምሩም፣ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ተቋምም፣ ማስፈልፈያዎቹም እዚያ ናቸው። እንቁላል ብቻ የሚፈልግ ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎህማን ብራውን ይወስዳል፤ የእነዚህ ደግነታቸው ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ስለሚፈለፈል ገና ከሳጥኑ ጾታቸው መታወቁ ነው። ከእንቁላሉም ከሥጋውም ልቅመስ የሚል ደግሞ ሳሶ ይገዛል። ሳሶ ዘሩ ከፈረንሳይ ነው፤ ይሁን እንጂ ጓሮ ጭሮ መብላትን ከአገር ዶሮ ያልተናነሰ ያውቅበታል። ባለቤቴ የመረጠችው ሳሶን ነው። ወንድና ሴቱ ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ግቢው ለሳምንታት የጾታ ክርክር ሸንጎ ሆነ። ሻምበል ጫጩቷን በእግሯ አንጠልጥለው «ራሷን ቀና ካደረገች ወንድ ናት» ይላሉ። አማቴ ደግሞ ዓይኗን አይተው ይፈርዳሉ። ጫጩቷ ሁለቱንም አሳፍራ በጊዜዋ ጮኸች፤ ለዚያውም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ።

ከቢሾፍቱ የተመለስነው በሚኒባስ ነው። ሳጥኑ በአራት የተከፈለ፣ በየክፍሉ 25 ጫጩት የሚይዝ፣ ዙሪያውን የተበሳሳ ካርቶን ነበር፤ እኔ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። በዚያ ብርድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሙቀቱ አልከፋኝም። ረዳቱ ግን በቀዳዳው አጮልቆ «መቶ ነፍስ ጭናችሁ በሁለት ሰው ሒሳብ?» አለ። ከኋላ የተቀመጡ እናት ጩኸቱን የረሃብ ጩኸት አድርገው ወስደውት ዳቦ መፈርፈር ጀመሩ። ባለቤቴ አስረዳቻቸው። ጫጩት ከመፈልፈሏ ቀደም ብላ የተረፈውን አስኳል ስባ ወደ ሆዷ ታስገባዋለች፤ በዚያ ስንቅ ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ሳትጠጣ ትቆያለች፤ በአውሮፕላን ክፍለ አገር ድረስ የምትላከውም ለዚህ ነው። እናትየው ሰምተው ሲያበቁ ዳቦውን ወደ ነጠላቸው መለሱና «ምነው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪም እንዲህ ያለውን ቢያድል!» አሉ።

የጫጩት ቤት ክብ መሆን አለበት። ሻምበል «ማዕዘን ጠላት ነው» ያሉት ለወሬ አይደለም፤ የበረዳቸው ጫጩቶች ጥግ ላይ ተደራርበው የታችኞቹ ይታፈናሉ። ስለዚህ ከጎረቤት የፍሪጅ ካርቶን መጣ፣ ተቆረጠ፣ ተጠቀለለ፣ ሰጋቱራ ተነጠፈ። የመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ድረስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። ባለቤቴ ቴርሞሜትር ገዛች። ሻምበል ዕቃውን አይተው ሳቁ። «ጫጩቶቹን አንብቢ! አምፖሉ ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል። ግድግዳ ከተጠጉ ሞቋቸዋል። ተበታትነው ከተኙ፣ አንቺም ሂጂና ተኚ።» ቴርሞሜትሩ ግን ተገዝቷል፤ ኮተት ቁጥር አንድ ሆኖ እስከ ዛሬ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ስለ ሳሎናችን መርዶ ይነግረናል።

አምፖሉ ቀይ ነው። ቀይ የሆነበት ምክንያት አለው፤ በቀይ ብርሃን ጫጩቶቹ እርስ በርስ መነካከሳቸውን ይቀንሳሉ፣ እንቅልፍም ይወስዳቸዋል። ችግሩ የጫጩቶቹ ክፍል መስኮት ወደ መንገድ የሚያይ መሆኑ ነው። የሰፈራችን ሰው ቀይ መብራት የበራበት ቤት ሲያይ የሚመጣለት ነገር አንድ ነው። አንድ ምሽት በሩ ተንኳኳ፤ ጃንጥላ የያዘ ጨዋ የሚመስል ሰውዬ «ድራፍት አለ?» አለ። ባለቤቴ ኮስተር ብላ «ያለን ውሃ በስኳር ነው» አለችው። ውሸቷን አልነበረም፤ ከመንገድ ለገቡ ጫጩቶች መጀመሪያ የሚሰጠው እሱ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሌላ ታሪክ ይጀምራል። ሻምበል በተዘጋ ክፍል ከሰል እንዳይገባ በጥብቅ ከልክለዋል፤ የከሰል ጢስ ባይታይም ጫጩቱንም ጠባቂውንም ይገድላል። የተፈቀደው የፈላ ውሃ የሞላ ጄሪካን በጨርቅ ጠቅልሎ መሃል ማስቀመጥ ነው። ጨርቁ የእኔ ጋቢ ሆነ። መብራት ላልደረሰበት ገጠር ታስቦ የሚሠራበት የሣር ሳጥን የሚባል ብልሃትም አለ፤ ጫጩቶቹ በገዛ ገላቸው ሙቀት ያድራሉ፣ ሣሩ ሙቀቱን ይዞ ያቆይላቸዋል። ይህን የሰማች ዕለት ባለቤቴ አናጢ ጠራች። ጋቢዬ ግን አልተመለሰም።

እዚህ ላይ የራሴን ድርሻ ልናገር። ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰጋቱራውን መኖ መስሏቸው እንዳይበሉ ወረቀት ይነጠፍላቸዋል፣ መኖው እላዩ ላይ ይበተናል። ቤታችን ውስጥ ወረቀት የእኔ ሀብት ነው፤ ጽሑፌ የወጣባቸውን ጋዜጦች በክምር አስቀምጫለሁ። እነሱ ተነጠፉ። አንባቢ ጽሑፌን እንደዚያ አጎንብሶ፣ ቃል በቃል ሲለቅም አይቼ አላውቅም። ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ሻምበል መጥተው ልሙጥ ወረቀት የጫጩት እግር ያንሸራትታል፣ እግሯ ተከፍቶ እንደዚያው ይቀራል አሉና ጋዜጦቼ ተነስተው ሸካራ ካርቶን ተተካ። አንዳንድ አርታኢዎችም የጽሑፎቼን መንሸራተት ጠቁመውኝ ያውቃሉ፤ እግር ይሰብራል ያለኝ ግን አልነበረም።

ስለ ክትባት በአጭሩ፦ ፈንግል ቀልድ አያውቅም፣ አንዴ ከገባ ዶሮ ቤት ባዶ አድርጎ ይወጣል። ክትባቱ በውሃ ሲሰጥ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድለዋል፤ ስለዚህ የዱቄት ወተት ጣል ይደረግበታል። ጠርሙሱ የሚይዘው ከአንድ ቤት ዶሮ እጅግ ለበለጠ ስለሆነና ከተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ስላለበት፣ ሻምበል የሰፈሩን ዶሮ አርቢ በሙሉ በአንድ ማለዳ ክተት አወጁ። ወታደርነት ትርፉ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከዶሮ እርባታ ወጪ ስድሳና ሰባ በመቶው መኖ ነው ይባላል፤ በቆሎውና ፋጉሎው ሲወደድ ብዙ አርቢ እየዘጋ ይወጣል። የሚዘጋ ሰው ዕቃውን ይሸጣል። ባለቤቴ አንድ እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን ሰምታ ሁለት ውሃ መጠጫ ልትገዛ ሄደች። ዕቃው በነጠላ አይሸጥም ተባለች። በአይሱዙ ተመለሰች።

ቀይ ደወል የሚመስሉ መጠጫዎች፣ ረጃጅም የቆርቆሮ መመገቢያዎች፣ የኬጅ ፍርግርግ፣ ሠላሳ ሠላሳ የሚይዙ የእንቁላል ትሪዎች ቁልል፣ በመጨረሻም በአራት ሰው የወረደ የመፈልፈያ ማሽን። ሻምበል በር ላይ ቆመው አንዱንም አላስገቡም። «ያረጀ የዶሮ ዕቃ የገዛ የሰውየውን በሽታ ጨምሮ ገዝቷል» አሉ። ቅደም ተከተሉንም አዘዙ፦ መጀመሪያ ተፍቆ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ በረኪና፣ ከዚያ ፀሐይ። በቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ቆሻሻውን ሲታገል ይውላል እንጂ ተህዋሲያኑ ጋ አይደርስም። ጫጩትን ደም የሚያስቀምጠውን ኮክሲዲያ ደግሞ በረኪና ራሱ አይገድለውም፤ ሙቀትና ድርቀት ነው የሚፈራው። የእንጨቱ ዕቃ ተለይቶ ምድጃ ገባ። በሐምሌ ፀሐይ ከየት ይመጣል ብዬ ብጠይቅ ሻምበል «ይጠበቃላ!» አሉኝ። ዕቃው በረንዳ ላይ ሆኖ እስከ መስከረም ፀሐይ ጠበቀ።

ገና ደረሰ፣ ስሌቱም ሠመረ፤ ሰፈሩ እንቁላል ከእኛ ገዛ። ወንዶቹ በየበዓሉ አለቁ። ሴቶቹ ሲያረጁ የመጣል ፍጥነታቸው ቀነሰ፣ እነሱም ተሸጡ። ዶሮ ቤቱ ባዶ ሆነ። ዕቃው ግን ባዶ ቤት አይወድም፤ ወደ እኛው ገባ።

ኬጁ የጫማ መደርደሪያ ሆነ። የኬጅ ወለል እንቁላሉ ተንከባሎ ወደ ፊት እንዲወጣ ታስቦ ዘመም ተደርጎ ነው የሚሠራው። አሁን ሌሊት ሌሊት የእኔ ጫማ ተንከባሎ ይወጣል፤ ጠዋት በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ረጃጅሞቹ መመገቢያዎች ጎመን ተተከለባቸው፤ ስለ እነሱ የምለው የለኝም፣ ጎመኑ ጥሩ ነው። የእንቁላል ትሪዎቹን የጎረቤት ልጅ ወሰዳቸው፤ ዘፋኝ ሊሆን ነው፣ ክፍሉን ስቱዲዮ አደርጋለሁ ብሎ ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው። ትሪ የክፍሉን ገደል ማሚቶ ይቀንሳል እንጂ ድምፅ አያግድም። ስለዚህ እሱ ራሱን ከበፊቱ ይልቅ ጥርት አድርጎ ይሰማል፣ እኛም እንደ በፊቱ እንሰማዋለን።

የመፈልፈያውን ማሽን የወረሱት አማቴ ናቸው። ማሽኑ 37 ዲግሪ ከግማሽ አካባቢ ይዞ 21 ቀን እንዲቆይ የተሠራ ነው። አማቴ ስለ ጫጩት ግድ የላቸውም፤ እሳቸውን ዕድሜ ልካቸውን ሲያንገበግባቸው የኖረው በክረምት አልነሳ የሚል የድፎ ዳቦ ሊጥ ነው። ሊጡን አስገቡት፤ ተነሳ። ሌላ ቀን ወተት አስገቡ፤ ረጋ። የሠራው መሐንዲስ ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅ ትሪውን በየሰዓቱ የሚያዘነብለው ሞተር እስከ አሁን ይሠራል። ሊጡ በየሰዓቱ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የእማማ ድፎ በአንድ ጎኑ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሞተሩን ላጥፋው ብላቸው «ተው ልጄ፣ እያገላበጠ ነው ያቀናው» አሉኝ።

የተረፈውን ላስወጣ ብዬ ባለፈው ቅዳሜ «ቆራሌው!» የሚለውን ድምፅ ስሰማ ሮጬ በሩን ከፈትኩ። ልጁ ገባ፣ ቀያዮቹን መጠጫዎች አገላብጦ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰው አይፈልገውም» አለ። ከዚያ ማዳበሪያውን ፈትቶ እጁን እስከ ብብቱ ከተተና የእነሱኑ መሳይ መጠጫ ጎትቶ አወጣ። «እኔ ራሴ አንድ ተሸክሜ ስዞር ነው የዋልኩት። እትዬ፣ ክዳኑ አልተሰበረም፣ ትፈልጊዋለሽ?»

ባለቤቴ ከኩሽና ወጥታ ዕቃውን ተቀበለችው፣ ወደ ብርሃን አነሳችው፣ በጥፍሯ ቆረቆረችው።

«ስንት ነው የምትለው?»

ዋጋ ተከራከሩ፣ ተስማሙ። ጥሬ ገንዘብ ስላልነበራት ምን እንደምትሰጠው ዙሪያዋን ቃኘች፤ ቆራሌው ሚዛኑን አውጥቶ ጋዜጦቼን መመዘን ጀመረ።