የቦሎ ሰሞን ጎማ

ጥርስ ያለው ጎማ በዓመት አንድ ቀን ይበቃል። ያም የቦሎ ቀን ነው። ያን ቀን አባዱላው ሚኒባስ እንደ ሙሽራ አምሮ፣ በአራት እግሩ የተዋሰውን ጎማ አጥልቆ ምርመራ ይገባል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ጥርሱ ጥልቅ ነው፤ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ የውሰቱ ጎማ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ጥርሱ ያለቀው ሊሾም ወደ ቦታው። መስታወት ላይ የተለጠፈችው ቦሎ ዓመቱን ሙሉ ትመሰክራለች፤ ስለ ማን ጎማ እንደምትመሰክር ግን የሚጠይቃት የለም። አንድ ትንሽ ችግር ብቻ ቀርቷል፤ ለተሳፋሪው የሚዋሰው ነፍስ እስካሁን አልተገኘም።

የጎማ ነፋስ መለኪያ የሚባል ዕቃ አለ ይላሉ። ምን ሊያደርግ? የጋይንት ሹፌር እግር አለው። ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ ሻዩን ጠጥቶ ሲወጣ የኋላውን ጎማ በጫማው ጫፍ ጠለዝ ያደርገዋል። «ድም» ካለ ነፋሱ ልክ ነው። «ጧ» ካለም ልክ ነው፤ ነፋስ መውጫ ያደርሳል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ እንደሚግል፣ የጋለው ደግሞ ከውስጥ ክሩ እየላላ ድንገት እንደሚፈነዳ የሚናገሩ አሉ። እነሱ መጽሐፍ ያነበቡ ናቸው፤ የእኛ ሰው መንገድ ያነበበ ነው።

ጥበባችን ይበልጥ የሚታየው ቆላ ሲወረድ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ከዚያ የተነሳ መኪና እኩለ ቀን ላይ የታች ጋይንትን ወይም የስማዳን ቆላ ሲያገኝ ጎማው በሙቀት ይጠጥራል። ጎማውን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ልኩ የሚታየው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ በብርዱ ነው። ረዳቱ ግን አዛኝ ነው። «ጠጥሯል፣ ትንሽ ይተንፍስ» ብሎ ቫልቮላውን ይጫናል። ፍስስስ! ማታ ደጋ ሲወጡ ያ ጎማ ተኝቷል፤ በላዩ ጤፉ፣ ፍየሉ፣ ትርፍ ሰውና የትርፍ ሰው ጓዝ ተጭኗል። እዚያ ላይ የረዳቱ ርኅራኄ ያልቃል።

የጎማ ዕድሜ የሚባልም ነገር አለ። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ታትሟል፤ 2314 ካለ በፈረንጆች 2014፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ይህን ማንበብ ነውር ነው፤ ሽማግሌ ዕድሜው አይጠየቅም። ጎኑ ቢሰነጣጠቅ የእርጅና ወግ ነው። ቢቀደድም ጎሚስታው ከውስጥ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አስደግፎ ይመልሰዋል። በሌላው ዓለም በብዙ አገር ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ጎማ ከመንገድ ይወጣል፤ እኛ ሽቦው እስኪስቅ እንታገሣለን። ጥርስ ሥራው የዝናቡን ውኃ ከሥሩ ማስወጣት መሆኑን ያልሰማን አይደለንም። ግን በአንድ አክሰል ላይ ግራው አዲስ፣ ቀኙ ሊሾ ሆኖ፣ ጉና ተራራ ሥር በሐምሌ ዝናብ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወዴት እንደሚዞር ማየት ያጓጓል።

ስኮርታማ አለ፤ ከተበሳ ሰንብቷል እንጂ አለ። ጎማው ገደል አፋፍ ላይ ሲፈነዳ «ዕጣ ፈንታ ነው» ይባላል። የተረፈው ለታቦት ጃንጥላ ይሳላል። ለመኪናው ጎማ የተሳለ ግን አልሰማሁም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ የምርመራው ሥልጣን ከአሮጌ ጎማ ጫማ ለሚሠራው ለበረባሶ ሠሪው ይሰጥ። እሱ ጎማ ያውቃል። የመጣለትን ሁሉ አይገዛም። በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ውፍረቱን ያያል፣ ያጎብጠዋል፣ ክሩ የተበጣጠሰ ከሆነ «ይህማ እርሻ አያደርስም» ብሎ ይመልሰዋል። ተሳፋሪ ጭኖ ገደል ለገደል ሲሄድ የከረመ ጎማ ለገበሬ ጫማነት አይበቃም! ሰውየው እንዲህ የሚጠነቀቀው ከሹፌሩ ይልቅ ፈሪሃ እግዚአብሔር ኖሮት አይደለም። የበረባሶው ደንበኛ ጫማው ቢበጠስበት በሚቀጥለው ገበያ ይዞት መጥቶ ይጣላዋል። የሚኒባሱ ደንበኛ ግን ጎማው ከፈነዳ በኋላ ተመልሶ የሚመጣበት ገበያ ላይኖረው ይችላል።