ሳልሞን ለጠበላ

የእህቴ ልጅ ወላይታ ውስጥ፣ በሁምቦዋ ጠበላ ከተማ ካልጋ አልወርድም ያለው ጥር 2015 ዓ.ም. ነው፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን። በዚያ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር፤ ልጁ የወደቀው ከአገሩ ጋር ነው ማለት ይቻላል። ይህንኑ እያልን ልናጽናናው ሞከርን። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ዘመድ ተሰበሰበ። እኛ ሁምቦዎች ስንሰበሰብ፣ ለቅሶም ይሁን ሽምግልና፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሆድ ላይ ያርፋል። እናቴ የቡላ ገንፎ ቅቤ ተደፍቶበት ይቅረብለት አለች። ታላቅ ወንድሜ «ጥሬ ሥጋ በዳጣ ነው የሚያነሳው፤ ዳጣ ቀምሶ ተኝቶ የቀረ ሰው አላውቅም» አለ። ጎረቤታችን ሃለኮ፣ የሞሪንጋ ቅጠል፣ ቀቅላ መጣች። የቅጠል ቡና ያፈላችው ደግሞ ከስኒዋ ሌላ መድኃኒት አታምንም። «ምን አማረህ?» ብሎ ልጁን የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ እኔ ከሶዶ የመጣሁት ስልኬን ይዤ ነው።

«ሳልሞን ነው የሚያስፈልገው» አልኩ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ወንድሜ።

«ዓሣ ነው፣ ጋሼ።»

«አባያ ሐይቅ ውስጥ አለ?»

«የለም፤ ከኖርዌይ ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያውስ ዓሣው እስኪደርስ ልጁን አታስነሱት!»

ነገሩን ከኪሴ አላወጣሁትም። ፌሊስ ጃካ የምትባል አውስትራሊያዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት አለ። ድባቴ የጠናባቸውን፣ አመጋገባቸውም ያልሰመረ 67 ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። ገሚሶቹ በምግብ ባለሙያ ምክር ለ12 ሳምንት አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና የወይራ ዘይት እንዲያዘወትሩ ተደረገ፤ ለገሚሶቹ ቁጭ ብሎ የሚያጫውታቸው ሰው ተመደበላቸው። መጨረሻ ላይ በምግቡ በኩል ካሉት 32 ከመቶው ከድባቴው ወጡ፤ በጨዋታው በኩል ካሉት 8 ከመቶው። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከየትኛው ወገን እንደተመደቡም ያውቁ ነበር። አብዛኞቹ ደግሞ ሕክምናቸውን አላቋረጡም፤ ይህችን መስመር እኔ በጥድፊያ ዘልያት ነበር። የገረመኝ ግን መብልና ጨዋታን መለያየታቸው ነው። ሁምቦ ውስጥ ያለ ጨዋታ የሚበላ ሰው ቢገኝ፣ ሐኪም ዘንድ የምንወስደው እሱን ነው።

ዝርዝሩን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው እናቴ ሳቀች። ከዓሣውና ከወይራው በስተቀር ሁሉም ጓሮ ነው ያለው፤ ቦሎቄው፣ ጎመኑ፣ አቮካዶው፣ ስኳር ድንቹ። ለነገሩ እሷ ቆጮን ያለ ጎመንና አይብ አቅርባ አታውቅም። ቆጮ ጉልበት እንጂ ፕሮቲን እምብዛም እንደሌለው የነገራት የምግብ ባለሙያ የለም።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። እህቴ እንቁላሉን ጭድ ውስጥ ደርድራ፣ አቮካዶውን በማዳበሪያ ጆንያ አስራ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ፓስታ፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳና ሦስት ፓኮ ብስኩት ይዛ ገባች። ብስኩቱ ለበሽተኛው ነው። እንቁላሉ ተሽጦ ብስኩት ተገዛለት ማለት ነው! ልጁ ብርድ ልብሱ ላይ ፍርፋሪውን እያራገፈ ሁለቱን ፓኮ ጨረሰ፤ «ተመስገን፣ በላ» ተባለ።

መሸጥ እንደ ሁምቦ ሰው የሚያውቅበት የለም። ተራቁቶ የነበረውን ተራራ፣ 2,728 ሄክታር የሚሆነውን፣ ከብት እንዳይገባበት ከልለን ጉቶው ሲያቆጠቁጥ፣ ደኑ ያመቀውን ካርቦን ሳይቀር በዓለም ባንክ በኩል ሸጠናል። አየር የሸጠ ሰው እንቁላል ቢሸጥ ምን ይገርማል?

እህቴን ማማት ግን ቀላል ነው። ሳሙናና ጨው በቦሎቄ አይለወጥም። ጅማ አካባቢ፣ ጊልገል ጊቤ በተደረገና በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የምግብ እጥረት ያለባቸው ሰዎች ላይ የጭንቀትና የድባቴ ምልክት በዝቶ ታይቷል። ወላይታ አገሩ ለምለም ሆኖ ጎተራው ባዶ የሚሆንበትን ሰሞን ያውቃል። በዚያ ሰሞን ሳልሞን የሚያዝ ሰው ቢመጣ፣ ወንድሜ እኔን እንዳለፈኝ በቀልድ አያልፈውም።

ልጁ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚሰጠው የሬሜዲያል (የማካካሻ) ትምህርት ተጠራና ሄደ። የዩኒቨርሲቲ ካፌ ምን እንደሚያበላ ለቀመሰ አይነገርም፤ ሽሮው ውስጥ የራስህን ፊት ታያለህ። በወሩ ደወልኩለት።

«ምን በላህ?»

«ሽሮ።»

«ትናንትስ?»

«ሽሮ፣ አጎቴ» አለና ሳቀ። ከኋላው ሌሎችም ሲስቁ ተሰማኝ። ያን ሳቅ ከጥር ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ወፍሬያለሁም አለ። የአውስትራሊያዋን ጥናት የት እንደማስቀምጥ ግራ ገብቶኝ ዝም ስል፣

«እማዬን ዳጣ ትላክ በላት» አለኝ፤ «የመጀመሪያውን የዶርም ልጆች ጨረሱት።»