ሦስተኛው ፈራሚ ወጣ ብሏል

«ሲስተም የለም» በከተማችን ከሰላምታ ቀጥሎ በብዛት የሚሰማ ዐረፍተ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ሰውን ይበልጥ የሚያቃጥለው ግን «ሲስተም አለ፤ ቀርፋፋ ነው እንጂ» የሚለው ነው። የለም የተባለ ባለጉዳይ ቁርጡን ዐውቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቀርፋፋ ነው የተባለው ግን ተስፋ አለውና ወረፋው ላይ ይደርቃል። ከሳር ቤት እስከ ለቡ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ፎቆች ውስጥ ከሚሠሩት ክሊኒኮች፣ አስመጪዎችና የሶፍትዌር ድርጅቶች መካከል ዳታቸውን ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ባሉት ዳታ ሴንተሮች ከማሳደር ይልቅ እዚያው ደረጃ ሥር ባለች ክፍል፣ ከመጥረጊያውና ከቡናው ረከቦት ጎን የሚያኖሩ አይጠፉም። ዲስኩ በሚሽከረከርበት ዘመን መዘግየቱን ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ ድምፁም እንደሚለፋ ይናገርለት ነበር። አሁን ግን ሣጥኑ ላይ «በሰከንድ 550 ሜጋባይት» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረው ዲስክ፣ ተገዝቶ፣ ሦስት አራት ሰርቨር በክላስተር ተያይዞ፣ ያው ወረፋ፣ ያው «ቀርፋፋ ነው» ሲቀጥል ሥራ አስኪያጁ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የእኔ ክርክር አጭር ነው፦ ሣጥኑ አልዋሸም፤ እኛ የገዛነው ፍጥነት ግን ክላስተሩ ከሚፈልገው ፍጥነት ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም።

ብዙ ሰርቨሮችን አያይዞ እንደ አንድ ማከማቻ ከሚያሠሩት ነጻ ሶፍትዌሮች መካከል ስሙ የገነነው ሴፍ ነው። ሴጅ ዌይል የሚባል ሰው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ለዶክትሬቱ ሲሠራው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በጥናታዊ ጽሑፍ አስተዋወቀው። ሴፍ ሌላ ነገር ካልተነገረው እያንዳንዱን ዳታ በ3 ቅጂ፣ በተለያዩ ዲስኮች ላይ ያስቀምጣል፤ ሦስቱም ዲስኮች «ጽፌያለሁ» ሳይሉ ደግሞ ለጠያቂው «ተቀምጧል» የሚል መልስ አይሰጥም። እንግዲህ ሦስት ፊርማ የሚያስፈልገው የመዝገብ ቤት ደብዳቤ ማለት ነው። ሁለቱ ፈራሚዎች ብዕራቸውን ከፍተው ቢጠብቁ፣ ከዐይን ጥቅሻ ፈጥነው ቢፈርሙ፣ ሦስተኛው «ወጣ ብሏል» ከተባለ የባለጉዳዩ ፍጥነት የሦስተኛው ፍጥነት ነው። ከ12 ዲስክ ውስጥ አንዷ ብቻ ሰነፍ ብትሆን ብዙ ደብዳቤ ዞሮ ዞሮ በእሷ ጠረጴዛ ማለፉ አይቀርም። የጉግል መሐንዲሶች ጄፍ ዲንና ሉዊዝ ባሮሶ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ በሒሳብ አሳይተዋል፦ አንድ ሰርቨር ከ100 ጊዜ አንዴ ብቻ የሚዘገይ ቢሆን፣ 100 ሰርቨር የሚነካ ጥያቄ ግን ከ100 ጊዜ 63ቱን ይዘገያል። በአማካይ ደኅና ነን ማለት እዚህ ቤት ዋጋ የለውም።

ፈራሚው ለምን ይዘገያል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ለላፕቶፕ ተብሎ የሚሸጥ ኤስኤስዲ የመጣለትን ዳታ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋ ጊዜያዊ ማኅደር ላይ ያኖረዋል፤ ወደ ቁም ሣጥኑ የሚያስገባው ሲመቸው ነው። ላፕቶፑም ፊልም ሲገለበጥ «ማልልኝ» አይለውም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ይበራል። ሴፍ ግን ተጠራጣሪ ነው። ለእያንዳንዷ ትንሽ ጽሕፈት «ቁም ሣጥን ውስጥ መግባቷን ማልልኝ» ይላል፤ ምስኪኑ ዲስክ አንዲት ወረቀት ይዞ ይነሣል፣ ይከፍታል፣ ያስገባል፣ ይቆልፋል፣ ተመልሶ ይምላል፣ ሁለተኛዋን ይይዛል። በዚህ ዓይነት ብዙዎቹ የላፕቶፕ ዲስኮች በሰከንድ የሚምሉት ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ጊዜ ነው። 500 ጊዜ ነው እንበል፤ እያንዳንዷ ወረቀት 4 ኪሎባይት ብትሆን 2 ሜጋባይት መሆኑ ነው። 550 የተባለው 2 ሆነ፤ ማንም ግን አልዋሸም።

ለሰርቨር ተብሎ የተሠራውን ዲስክ ክዳኑን ከፍቶ ለሚያይ ልዩነቱ በዐይን ይታያል። በብዙዎቹ ላይ ከቦርዱ ጠርዝ ቢጫ ቢጫ ካፓሲተሮች ተሰልፈዋል፤ ርካሹ ውስጥ ደግሞ ቦርዱ አንድ ጥግ ይዞ የቀረው ሣጥን አየር ነው። የእነዚያ ቢጫ ነገሮች ሥራ መብራት ድንገት ሲጠፋ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ወደ ቁም ሣጥኑ እስኪገባ የሚበቃ ጉልበት መያዝ ነው። ይህ ዋስትና ስላለው ዲስኩ ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ እንዳረፈች ይምላል፤ መሐላውም እውነት ነው። በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መሐላ የሚመጣው ከዚህ እንጂ ከሣጥኑ ማስታወቂያ አይደለም። ስለዚህ ዲስክ ሲፈተን ፊልም ገልብጦ «ውይ ሲፈጥን!» ማለት ፈተና አይደለም። ኤፍአይኦ በሚባለው ነጻ መለኪያ በ4 ኪሎባይት፣ አንድ በአንድ፣ እያስማሉ ማጻፍ ነው ፈተናው። ሥራ ላይ ባለ ክላስተር ደግሞ ሴፍ ራሱ የየዲስኩን መዘግየት ሲጠየቅ ይዘረዝራል፤ ከጎረቤቶቿ አሥር እጥፍ የምትዘገየዋ እዚያ ዝርዝር ላይ ፊቷ ይታያል።

«ኔትወርኩ ነው» የሚል አይጠፋም፤ በአገራችን ኔትወርክ ያልተከሰሰበት ወንጀል የለምና። አንዳንዴ ክሱ እውነት ነው። በ1 ጊጋቢት መስመር በሰከንድ ከ125 ሜጋባይት በላይ አያልፍም፤ ሴፍ ደግሞ አንዱን ዳታ ለሌሎቹ ሁለት ሰርቨሮች ማድረስ አለበት። ትልልቅ ፋይል ሲጫን መስመሩ ቢጠብ አይገርምም። ትንንሿ ጽሕፈት ስትዘገይ ግን ኔትወርኩን መክሰስ ያስቸግራል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ኬብል የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ነው። በሁለት ደቂቃ ፒንግ የሚረጋገጥን ነገር ለሦስት ወር ስብሰባ ማቆየት ምን ይባላል?

«ሲገዛ ፈጣን ነበር» የሚለውም እውነት ነው። ርካሽ ዲስክ ከቁም ሣጥኑ የተወሰነውን ክፍል ለፈጣን መቀበያ ይመድባል፤ ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ ያ ክፍል ይጠባል፤ አሮጌ ቦታ ሳይጠፋ አዲስ ስለማይጻፍም ዲስኩ ጊዜውን በጽዳት ያጠፋል። ሴፍ 85 በመቶ ሲሞላ ማስጠንቀቂያ መስጠት የሚጀምረው ለቀልድ አይደለም።

ከሁሉም የምፈራው ብልጡን ተከራካሪ ነው። «ዩፒኤስ አለን፣ ጄኔሬተር አለን፤ ታዲያ ማስማሉ ለምን አስፈለገ? እናጥፋው!» ይላል። ሊጠፋም ይችላል፤ አንድ ሁለት ቦታ ማስተካከያ ነው። ጠፍቶ ሲታይ ክላስተሩ እንደ ወፍ ይበራል፣ አለቃ ይደሰታል፣ ተከራካሪውም ምናልባት እድገት ያገኛል። ችግሩ ዩፒኤሱ ባትሪ አለው፣ ባትሪውም ዕድሜ አለው፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉን የያዘው ዘበኛም ምሳ ይወጣል። ከዚያ በላይ ግን ሰዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። 3 ቅጂ የሚጠብቀን ከአንድ ዲስክ ሞት ነው እንጂ ከመብራት መጥፋት አይደለም። ሦስቱም ቅጂዎች ከአንድ ክፍል፣ ከአንድ ቆጣሪ ሥር ናቸው። መብራት ሲሄድ ሦስቱ ፈራሚዎች እኩል ይጨልምባቸዋል፤ ሦስቱም «አስገብቻለሁ» ብለው የማሉበት ወረቀት በሦስቱም ጠረጴዛ ላይ እኩል ይጠፋል። መብራት ሲመለስ ዲስኩ የራሱን ማውጫ እንኳ ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። መብራት እምብዛም በማይጠፋበት አገር ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ይሆን ይሆናል፤ ለጀሞ ነዋሪ ግን የማክሰኞ ከሰዓት ነገር ነው።

የዋጋ ክርክር ይቀራል፤ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻግሯል፤ የሰርቨር ዲስክ ዋጋ ሲነገረው ሥራ አስኪያጁ ቢያልበው አይገርምም። ነገር ግን 12 ርካሽ ዲስክ ከመግዛት 6 ደኅና መግዛት፣ ቦታው ከበቃ፣ በፍጥነትም በዕድሜም ይሻላል፤ ሲያስምሉት የሚውሉት ርካሽ ዲስክ ቶሎ ያልቃልና። በጤና የወጣና የመጻፊያ ዕድሜው የተመረመረ ያገለገለ የሰርቨር ዲስክም አይናቅም። የማይሆነው መቀላቀል ነው፦ ደኅናዎቹ መሀል አንድ ርካሽ ማስገባት የደኅናዎቹን ዋጋ ለሦስተኛው ፈራሚ መስጠት ነው። የወጡት ርካሽ ዲስኮችም አይጣሉም። የሒሳብ ክፍሉ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሲገጠሙ፣ የሚያስምላቸው ስለሌለ፣ እንደ ሣጥኑ ቃል ይበራሉ፤ ሒሳብ ሹሟም «እንዲህ ያለውን ዲስክ ይዛችሁ ነው ሲስተም ቀርፋፋ ነው የምትሉን?» ብላ የአይቲውን ክፍል ለሥራ አስኪያጁ ትከሳለች።